ሶሻል አይደንቲቲ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብዙ ሰው ሶሻል አይደንቲቲ ሲባል ብሔርና ሃይማኖት ብቻ ይመስለዋል፣ ግን ከዛ ይሰፋል፤ "እኛ" የምትለው ቡድን ሁሉ፣ የምትደግፈው ክለብም ጭምር፣ ለራስህ ባለህ ግምት ውስጥ ይገባል ነው ነገሩ። ሀሳቡን ያመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ሲዋጋ በጀርመኖች ተማርኮ የነበረ፣ በኋላ እንግሊዝ ሀገር ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንድ ተማሪዎችን ክሌ የሚባለውን ሠዓሊ ስዕል የወደዱና ካንዲንስኪ የሚባለውን የወደዱ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው፣ የውሸቱን ነው ባክህ፣ ድልድሉ እንደ ዕጣ ነበር። በግሩፑ ማን ማን እንዳለ አያውቁም፣ ለራሳቸው መስጠትም አይችሉም፣ ግን ለሌሎቹ ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ለራሳቸው ግሩፕ አዳሉ! እኔን የሚገርመኝ ማዳላታቸው እንኳን አይደለም፤ የኛ ግሩፕ ትንሽ ይቅርበት፣ ብቻ ከነዛ በልጦ ይታይ ማለታቸው ነው። ጥላቻ የለ፣ የቆየ ቂም የለ።

ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት የተለያየ ሰው ቀጥሮ "ዳይቨርሲቲ አለን" ስላለ ብቻ ሰዉ አይቀላቀልም፣ ምሳ ላይ ሁሉም ከመሰሉ ጋር ነው የሚቀመጠው። አንዱ ካለሌላው የማይጨርሰው የጋራ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ብዙ ጊዜ "እኛ" የሚሉት ራሱ ይሰፋል።