«ብሬክ ዘ አይስ»፦ በረዶውን የሚሰብረው ማን ነው?

ሁለት ሰዎች ተራ እየጠበቁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ድንገት «ብዙ ቆዩ እንዴ?» ትለዋለች። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢሆን «ብሬክ ዘ አይስ» አደረገች ይላል። በረዶውን ሰበረችው።

ዛሬ አባባሉ የሚያያዘው ከቅዝቃዜ ጋር ነው፤ በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ያለው ዝምታ ይቀዘቅዛልና። መነሻው ግን ሌላ ነው፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ወንዝ በረዶ ሲሠራ ጀልባ አያልፍም። ስለዚህ ጀልበኞች አንዱን ያስቀድማሉ፤ በረዶውን እየሰበረ ለሌሎቹ መንገድ ይከፍታል። ሆላንዳዊው ሊቅ ኢራስመስ የላቲን አባባሎችን ሲሰበስብ ይህን የመሰለ ማብራሪያ ሰጥቶበታል። በእንግሊዝኛም ቶማስ ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1579 የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የፕሉታርክን ሥራ ሲተረጉም ተጠቅሞበታል። ያኔ ትርጉሙ ሌላው የፈራውን ነገር ቀድሞ መጀመር ነበር። ጨዋታ ማሟሟቅ የሚለው ኋላ የመጣ ነው።

«ብሬክ» የሚለውን ግስ «ሰበረ» ብሎ ሸምድዶ መሄድ ታዲያ አያዋጣም። ብርጭቆ ላይ ይሠራል፣ ሪከርድም በሁለቱም ቋንቋ ይሰበራል። ሕግ ግን በእኛ ይጣሳል፣ ቃል ይታጠፋል። ንጋትን እነሱ ይሰብሩታል፣ እኛ ደግሞ «ጎህ ቀደደ» እንላለን። «ብሬክፋስት»ም ውስጡ ጾም አለ፤ የሌሊቱን ጾም መስበር ነው። «ቁርስ»ን ከ«ቆረሰ» ጋር አስተያዩትማ! እነሱ ጾሙን ሰበሩ፣ እኛ ምግቡን ቆረስን።

«ሰበር ዜና» ከዚሁ ግስ የተቀዳ ነው። ዜናውን የሰበረው የለም፤ ጫጩት ቅርፊቷን ሰብራ እንደምትወጣ ራሱ ይወጣል። «ብሬክ ዘ ኒውስ» ሲባል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚከብድ ወሬ ለባለቤቱ መንገር ማለት ነው። በስልክ ከመናገር ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደ መንገር። የእኛ «ማርዳት» ይቀርበዋል፣ ግን ማርዳት የሞት ነው። የእንግሊዝኛው ከሥራ ለተባረረም ይሆናል።

አንድ ፊደል ደግሞ አትርሱ። «አይ አም ብሮክ» ያላችሁ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። «አይ አም ብሮክን» ካላችሁ ግን ልቡ ነው የተሰበረው፤ ብር አታውጡለት፣ አጠገቡ ተቀመጡ።