የመርከብ ጭስ ብናኝ ምንድን ነው?

በኩራዝ ብርሃን አጥንቶ ያደገ ሰው፣ ክሩ ረዘም ብሎ ባደረበት ሌሊት ማግስት አፍንጫውን ሲጠርግ መሐረቡ ላይ የሚያገኘውን ጥላሸት አይረሳም። ያ ጥላሸት በቅጡ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ሲሆን፣ ከመርከብ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ብናኝም አንዱ ክፍል እርሱ ነው። ባሕር የሌለን የጎንደር ሰዎች ነገሩ የማይመለከተን ሊመስለን ይችላል፤ ዳሩ ግን በአዘዞ በኩል ጭኖ የሚገባው ማዳበሪያ ጅቡቲ ድረስ የመጣው በመርከብ ነው።

ብናኝ የምንለው ከጭሱ ጋር ተንሳፍፈው የሚወጡትን ጠጣርና ፈሳሽ ቅንጣቶች ነው። ከመርከብ ሞተር የሚወጡት አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ስለሚያንሱ ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ።

መጠናቸውንና ዓይነታቸውን በእጅጉ የሚወስነው ነዳጁ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚኑ፣ ኬሮሲኑና ነጭ ናፍጣው ከወጣለት በኋላ እንደ ጠላ አተላ ከታች የሚቀረው፣ በየጊዜው በሚወጣው የነዳጅ ዋጋ ዝርዝር ላይ «ከባድ ጥቁር ናፍጣ» ተብሎ የምናነበው ነው። ብዙ መርከቦች የሚያነዱት ይህን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሬንጅ ስለሚመስል፣ ወደ ሞተሩ ከመረጨቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። በውስጡ ያለው ድኝ ሲቃጠል ጋዝ ይሆናል፤ የጋዙ ከፊል ከውሃ እንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ወደ አሲድና ወደ ሰልፌት ቅንጣት ይለወጣል። በነዳጁ ውስጥ ያሉት ቫናዲየምና ኒኬል የተባሉ ብረቶች ደግሞ አመድ ሆነው ይወጣሉ።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደውን ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል፤ እንደ ባልቲክ ባሉ ጥብቅ ክልሎች ግን ገደቡ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 0.1 በመቶ ነው። ጭሱን በውሃ የሚያጥብ መሣሪያ የገጠሙ መርከቦች ድኛሙን ነዳጅ ማንደዳቸውን እንዲቀጥሉ መፈቀዱ፣ በእኔ እይታ፣ የሕጉ ደካማ ጎን ነው። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ብናኙን እጅግ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሜቴን (የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል) አየሩን ያሞቃል።

ድኝ ስለቀነሰ ጥላሸትም በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ጥላሸትን የሚወስኑት የነዳጁ ኬሚካላዊ ይዘትና የሞተሩ አቃጣጠል ናቸውና። ጎርጎራ ላይ በነጭ ናፍጣ የሚሠራ ጀልባ እንኳ ከዳር ሲነሣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ሞተሩ ሲሞቅና ሲረጋጋ ግን ጭሱ ይሳሳል። በአንጻሩ ሰልፌት ጥቁር አይደለምና፣ ጭሱ ስላልጠቆረ ብቻ መርከቡ ብናኝ አያወጣም ማለት አይቻልም።