ማዋሺ ኡኬ ምንድን ነው?

ማዋሺ ኡኬ በካራቴ ሥልጠና ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ፣ ነገር ግን በየራሳቸው መንገድ ክብ እየዞሩ፣ ከተጋጣሚ የሚሰነዘረውን ምት የሚመክቱበት፣ ክንዱን የሚጠልፉበትና በመጨረሻም በመዳፍ የሚገፉበት እንቅስቃሴ ነው። በተለያዩ የካራቴ ስታይሎች ቢገኝም ጎልቶ የሚታወቀው በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት በተነሣው ጎጁ ሪዩ በተባለው ስታይል ነው። የስታይሉ መሥራች የናሃ ከተማ ተወላጅ የነበሩት ቾጁን ሚያጊ (እ.ኤ.አ. 1888–1953) ሲሆኑ፣ እንቅስቃሴው ሳንቺን በተባለው መሠረታዊ ካታ (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴዎች ስብስብ) መዝጊያ ላይ፣ እንዲሁም እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ለጀማሪዎች ባዘጋጁት ጌኪሳይ ዳይ ኒ በተባለው ካታ መጨረሻ ላይ ይሠራል።

አሠራሩ ከስታይል ስታይል፣ ከአሰልጣኝ አሰልጣኝ መጠነኛ ልዩነት አለው፤ ዋናው አካሄድ ግን የሚከተለው ነው። አንዱ ክንድ ከደረት ፊት ተነሥቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲዞር፣ ሌላው እጅ በዚያው ቅጽበት ከእምብርት በታች ያለውን ክፍል እየጠረገ ያልፋል። ክንዶቹ በደረት ፊት ይሻገራሉ፤ ላይ የነበረው ይወርዳል፣ ታች የነበረው ይወጣል። ከዚያም ሁለቱም ወደ ጎን ይሳባሉ፤ አንዱ መዳፍ ጣቶቹ ወደ ላይ ሆነው በብብት አጠገብ፣ ሌላው ጣቶቹ ወደ ታች ሆነው በዳሌ አጠገብ ያርፋሉ። በመጨረሻ ሁለቱ መዳፎች፣ አንዱ በደረት ሌላው በሆድ ከፍታ፣ እኩል ወደ ፊት ይገፋሉ። ትንፋሽ እጆቹ ሲዞሩና ሲሳቡ ይገባል፣ ሲገፉ ይወጣል።

እንቅስቃሴውን ከባድ የሚያደርገው የሚጠይቀው ጉልበት ሳይሆን ቅንጅቱ ነው። ጥጥ የምትፈትል ሴት አንድ እጇ እንዝርቱን ሲያሾር ሌላው ጥጡን እንደሚስብ ሁሉ፣ እዚህም ሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ነገር ግን የሰው እጆች፣ ሳይሠለጥኑ ከተተዉ፣ እርስ በርስ መመሳሰልን ይመርጣሉ። ተመራማሪው ስኮት ኬልሶ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሁለት እጆቻቸውን እያፈራረቁ እንዲያንቀሳቅሱ የተጠየቁ ሰዎች ፍጥነቱ ሲጨምር ሳይወዱ በግድ ሁለቱንም በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወደ ማንቀሳቀስ ይዛወራሉ፤ በተመሳሳዩ የጀመሩት ግን ፍጥነት ሲጨመርባቸው ወደ ተቃራኒው አይሄዱም። ማዋሺ ኡኬን ያለ ዕድሜው ለማፍጠን የሚጣደፍ ጀማሪም እጆቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ያኔ ሆዱ ወይም ፊቱ ያለ መከላከያ ይቀራል። ስለዚህ በዝግታ መጀመር የጨዋነት ወይም የወግ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም በሥልጠና መጀመሪያ ሳምንታት ሰልጣኞችን በፍጥነት የሚያሠሩ አሰልጣኞች፣ በኋላ ለማረም ብዙ ጊዜ የሚወስድ ልማድ ያስተክላሉ ብዬ አምናለሁ።

ሚያጊ ያዘጋጁት ቴንሾ የተባለው ካታ ለዚህ ጥሩ መንደርደሪያ ነው። በውስጡ ያለው የአንጓና የመዳፍ ዙረት መጀመሪያ በቀኝ እጅ ብቻ፣ ከዚያ በግራ ብቻ፣ በመጨረሻ በሁለቱ በአንድነት ይሠራል። በሁለቱ ሲሠራ እጆቹ እንደ መስተዋት ምስል ስለሚመሳሰሉ ቀላሉ ቅንጅት ይህ ነው፤ ማዋሺ ኡኬ ግን የሚያስፈልገው ከዚያ የሚቀጥለውን፣ እጆቹ የሚለያዩበትን ቅንጅት ነው። ዘዴውን ራሱን ለማዋሺ ኡኬ መዋስም ይቻላል፤ ሰልጣኙ የላይኛውን እጅ ዙር ብቻ ደጋግሞ ይሠራል፣ ቀጥሎ የታችኛውን፣ ከዚያም ክንዶቹ የሚሻገሩባትን ነጥብ እየጠበቀ ሁለቱን ያገናኛል። እግር የሚጨመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት ክቡን ማስፋት ነው። ክርን ከጎድን አጥንት ርቆ ሲወጣ ትከሻ ይነሣል፣ ክንዱም ከአካል ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ እጁም የቱንም ያህል ቢዞር የሚመጣውን ቡጢ ከመንገዱ የሚያስወጣበት ኃይል አያገኝም። ስለዚህ እጆቹ ከትከሻ ስፋት ብዙም አያልፉም፤ የዙሩ ኃይል የሚመነጨውም ከወገብ መዞር ነው።

ክቡ በእርግጥ መሥራቱ የሚፈተነው ካኪኤ በተባለው የጥንድ ልምምድ ነው። ሁለት ሰልጣኞች ፊት ለፊት ቆመው አንጓዎቻቸውን ያገናኛሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ግንኙነቱን ሳይለቅ ግፊቱን ይቀበላል፣ አቅጣጫውን ያስቀይራል፣ ተራውን ጠብቆ መልሶ ይገፋል። ልምምዱ ሲረዝም ግፊቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠነክራል ወይም አቅጣጫውን ይለውጣል። ብቻውን ሲሠራ እጁ ልቅም ብሎ ይዞር የነበረ ሰልጣኝ ይህን ጊዜ ክንዱ ሊደርቅ ይችላል፤ ያኔ አሰልጣኙ ወደ አንድ እጁ ዙር ይመልሰዋል።