ጂ ፕላስ 4 ስንት ወለል ነው?

አንድ ከአሜሪካ የመጡ ደንበኛ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ፕላን አይተው ክው አሉ። "ባለ አራት ፎቅ ብዬሽ አምስት ሣልሽ?" እኔ አራት ፎቅ ሲሉኝ ጂ ፕላስ 4 ብዬ ይዤ ነበር።

ጂ ማለት ምድር ቤቱ ነው፤ ከመንገድ ቀጥ ብለን የምንገባበት ወለል። ፕላስ 4 ደግሞ ከእሱ በላይ ያሉት። ድምሩ 5 ወለል። እኛ አንደኛ ፎቅ የምንለው ደረጃ ወጥተን የምናገኘውን ነው። አሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ ቆጠራው ከምድር ቤቱ ይጀምራል። ስለዚህ የእሳቸው አራት ፎቅ በእኛ ጂ ፕላስ 3 ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ወለል 200 ካሬ ቢሆን፣ አምስቱ 1000 ካሬ፣ አራቱ 800 ካሬ ናቸው። የ200 ካሬ ብረትና ሲሚንቶ ከየት ይመጣል?

ቤዝመንት ካለ ቢ ከፊት ይገባል። 2ቢ ፕላስ ጂ ፕላስ 7 ከተባለ፣ ከመሬት በታች 2፣ ከምድር ቤቱ ጀምሮ 8፣ በጠቅላላው 10 ወለል ነው። ቤዝመንቱንም "ምድር ቤት" የሚል ሰው አለ። ስለዚህ አሁን ውል ከመፈራረማችን በፊት ሕንፃውን ከጎን በእርሳስ እሥላለሁ፤ ደንበኛው እያንዳንዱን ወለል በጣቱ እየነካ ይቆጥርልኛል።