ጂኑ ምን ያህል ሳይሆን የት ይሠራል? ስለ ፕሮሞተሮች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕሮሞተር አንድ ጂን የት፣ መቼና ምን ያህል እንዲነበብ የሚወስን የዲኤንኤ ክፍል ነው። አንዳንዱ በሥር፣ ሌላው በዘር፣ ሌላው ደግሞ ስኳር በሚያመላልሰው ፍሎይም ብቻ ይሠራል።

«ንጥረ ነገር የሚያጓጉዝ ጂን በኃይል ከሠራ ተክሉ ይጠቀማል።»

ብዙ ድካም ከንቱ የሚያስቀረው ይህ እምነት ነው። ሩዝ ብረትን የሚያጓጉዝበት ኦኤስ-ዋይኤስኤል2 የሚባል ፕሮቲን አለው። ጂኑን በአብዛኛው የተክሉ አካል በሚሠራው፣ ከአበባ ጎመን ሞዛይክ ቫይረስ በተወሰደው 35ኤስ ፕሮሞተር ሲያስነሱት ብረቱ ሥር ላይ ተከማቸ፤ የፍሬው ብረት ግን ቀነሰ። ያንኑ ጂን ከስኳር አጓጓዡ ከኦኤስ-ኤስዩቲ1 ፕሮሞተር ጋር ሲያያይዙት በተፈተገው ሩዝ ውስጥ ያለው ብረት እስከ 4.4 እጥፍ አደገ። ውጤቱ የታተመው በ2010 ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቦታው ነው፤ ይህ ፕሮሞተር የሚሠራው ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ፣ ምግብ ወደ ፍሬው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ጨውም ላይ ያው ነው። ለምርምር በብዛት በሚውለው አራቢዶፕሲስ በሚባል ትንሽ ተክል ውስጥ፣ ኤችኬቲ1 የሚባል ፕሮቲን የጨው ክፍል የሆነውን ሶዲየም ከዛይለም (ውሃን ከሥር ወደ ላይ ከሚወስደው ቧንቧ) እያወጣ ሥር ውስጥ ያስቀራል። ጂኑ በ35ኤስ በየቦታው ሲሠራ ተክሉ ጨውን የመቋቋም አቅሙ ተዳከመ። በሥሩ መሃል፣ ዛይለምን በከበቡት ሕዋሳት ብቻ እንዲበዛ ሲደረግ ግን ወደ ቅጠል የሚደርሰው ሶዲየም ከ37 እስከ 64 በመቶ ቀነሰ።

«35ኤስ በሁሉም ሕዋስ እኩል ይሠራል።»

አይሠራም፤ ለምሳሌ በብዙ ተክሎች የአበባ ዱቄት ውስጥ ደካማ ነው።

«አረንጓዴ የበራበት ቦታ ሁሉ ፕሮሞተሩ ይሠራል።»

ፕሮሞተር የት እንደሚሠራ ለማየት ጂኤፍፒ ከሚባል አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን ጋር ያያይዙታል። ኤስዩሲ2 የሚባለው የስኳር አጓጓዥ ጂን ፕሮሞተር የሚሠራው ፍሎይምን በሚያግዙ ሕዋሳት ውስጥ ነው። በእሱ የተሠራው ጂኤፍፒ ግን ትንሽ ፕሮቲን በመሆኑ ከስኳሩ ጋር ተጉዞ የሥር ጫፍ ላይ ያበራል። መፍትሔው ጂኤፍፒውን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ከማያልፍ የሽፋን ፕሮቲን ጋር ማያያዝ ነው።

ፕሮሞተሩ የሚሠራበትን ቦታ ሰማያዊ በሚያደርገው ጉስ በሚባል ኤንዛይም ማቅለምም ተመሳሳይ ችግር አለ። ሰማያዊው ቀለም ከመርጋቱ በፊት ወደ ጎረቤት ሕዋስ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ማቅለሚያው ፈሳሽ ላይ ፖታሲየም ፌሪሲያናይድና ፌሮሲያናይድ ጨምሩ፤ በ37 ዲግሪ ስታቆዩት በየግማሽ ሰዓቱ ተመልከቱ፤ ቀለሙ እንደታየ ወደ 70 በመቶ ኢታኖል አዛውሩት። ኢታኖሉ ክሎሮፊሉን ያጥባል። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ደካማውንና ጠንካራውን አንድ ዓይነት ሰማያዊ ያደርገዋል።

«ፕሮሞተሩን ለማግኘት ከጂኑ በፊት ያለው 2000 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ይበቃል።»

ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የአበባን ክፍሎች የሚወስነው የአጋመስ ጂን ትክክለኛ ቦታውን የሚያውቀው በሁለተኛው ኢንትሮኑ (በጂኑ መሃል ባለ፣ ፕሮቲን ሲሠራ በሚወገድ ክፍል) ውስጥ ባለው ቅደም ተከተል ነው። ያንን ትቶ ከፊት ያለውን ብቻ የቆረጠ ሰው የተሳሳተ ንድፍ ያያል። በተጨማሪም ወደ ተክሉ የገባው ጂን በክሮሞዞሙ ላይ ያረፈበት ቦታ ሥራውን ስለሚለውጠው፣ ከአንድ ተክል ብቻ መደምደም አይቻልም። ጂኑ ለየብቻ የገባባቸውን አሥር ያህል የተክል መሥመሮች አነጻጽሩና በብዙዎቹ ላይ የሚደጋገመውን ንድፍ ብቻ ውሰዱ።