«ጣና ውስጥ ሲዋኝ አይቼዋለሁ»፦ ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው በውሻ ሲነከስ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስለት የጎረቤት ምክር ነው። ምክሩ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላል፤ አንዱ «ትንፋሹ ብቻ ይበቃል» ሲል ሌላው «ካልደማ ምንም አይደለም» ይላል።

ሐይቁ ዳር የሚሰማው ግን «ውሃ የሚጠጋ ውሻ እብድ አይደለም» የሚል ነው። ዓሣ ሲበለት ሆድ ዕቃውን የሚጠባበቁ ውሾች እዚያው ሲጠጡና ሲዋኙ ስለሚውሉ፣ ነካሹ ከጣና ሲወጣ ከታየ ተነካሹ ተረጋግቶ ቤቱ ይገባል። ውሃ መፍራት የታመመ ሰው ምልክት ነው፤ ሊውጥ ሲሞክር ጉሮሮው ይኮማተራል። የታመመ ውሻ ግን ሊዋኝም ይችላል። አረፋ አለመድፈቁም ዋስትና አይሆንም፤ ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት ምራቁ ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱ ውሻ ደግሞ መንጋጋው ረግቦ፣ ልሃጩ እየወረደ ጥግ ይዞ ይተኛል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ደግ ሰው አይጠፋም።

ካልደማስ? ጭረትም፣ የተላሰ ቁስልም፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ የገባ ምራቅም ያስተላልፋል። ጤነኛ ቆዳ ላይ ያረፈ ግን አያልፍም። ድመትና አህያም ከተያዙ ያስተላልፋሉ።

የትንፋሹ ወሬ የሚጎዳው በሽተኛውን ነው፤ አስታማሚ ያሳጣዋል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠው በአካል ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። አስታማሚ ምራቁ ዓይኑንና ቁስሉን እንዳይነካ ይጠንቀቅ እንጂ አይሽሽ።

«እገሌ ሥር ጠጥቶ ድኗል» የሚለውን መመለስ ይከብዳል፤ መስካሪው አይዋሽምና። የነከሰው ውሻ ጤነኛ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ውሻ የነከሳቸውም ሁሉም አይያዙም። ከዚያም በላይ ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ያለ ሰው ገና አልታመመም ይሆናል። ምልክቱ ከጀመረ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አይተው።

ስለ ክትባቱ የሚወራው «ሆድ ላይ 14 መርፌ ይወጋሉ» ፈጠራ አይደለም፤ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮ ክትባት እንዲያ ነበር። ዘመናዊው ክንድ ላይ ይሰጣል፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። ውሻውን ለመግደል ዱላ ከማንሳት፣ ከተቻለ አስሮ 10 ቀን መከታተል ይሻላል፤ ክትባቱ ግን ያን አይጠብቅም። ከ10 ቀን በኋላ ውሻው ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም፤ ሐኪሙም የቀረውን መርፌ ሊያቆመው ይችላል።