የሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ሐይቁ በምዕራብ በኩል ከተማዋን ታኮ የተኛ ሲሆን፣ እንግዳ የሚበዛው በሁለት ቦታዎች ነው፤ በአሞራ ገደልና በፍቅር ሐይቅ።

ታቦር ተራራ ሥር ያለው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነው፤ መሄድም በጠዋት ነው። መረብ ጥለው ያደሩ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ ቆሮሶውና አምባዛው ይወርዳል። ወጣቶች ቢላዋቸውን ይዘው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ቆዳውን ይገፍፋሉ፣ ሥጋውን ካጥንቱ ይለያሉ። ደረት የሚደርሱት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በሰው መሃል እየተንጎራደዱ አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃሉ፤ የዘገየውን ሌላው ይቀማዋል። ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አይጠፋም። ጦጣዎቹ ከእጅ ላይ ስለሚመነትፉ ዳቦም ሙዝም ቢደበቅ ይሻላል።

ምግቡ እዚያው ነው። ቆሮሶው ከነጭንቅላቱ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባና ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ከቃሪያ ጋር ለጠዋት ብርድ የሚስተካከለው የለም። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉም አሉ፤ ለለመደው ነው እንጂ ለእንግዳ አይመከርም። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባይቋጭም፣ በጾም ወራት ገበያው ይደራል።

ፍቅር ሐይቅ የማታ ነው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ሰፊ መንገድ ወደ ሐይቁ ያደርሳል፤ ለደከመው ባጃጅ አለ። ፀሐይ ከውኃው ማዶ ስትጠልቅ ዳር ዳሩን የሚንሸራሸረው፣ ቡና የሚጠጣው፣ ፎቶ የሚነሳው ብዙ ነው። ጉማሬ ማየት የፈለገ ጀልባ ይከራያል። ዋጋውን ሳይሳፈሩ መጨረስ፣ የነፍስ አድን ጃኬትም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለመገብየት ግን ሐይቅ ዳሩ ብዙም የሚያጓጓ ነገር የለውም። የሲዳማ ቡና ይዞ መመለስ የፈለገ ወደ መሃል ከተማ ይዝለቅ።

ሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበርበት አደባባይ ነው። ዕለቱን አያንቱ የሚባሉ የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ቀኑ ይለያያል። ያኔ ሆቴል ስለሚሞላ አልጋ ቀደም ብሎ መያዝ ነው።